ለራሱ የፈረመው ሚዛን

አንድ ቀን፣ ደብረ ብርሃን ዳር ካለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ በር ላይ፣ ስንዴ የጫኑ መኪኖች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈው ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይራድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ይጨቃጨቃሉ። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ንጋት ላይ መጥቷል፤ የመኪና ሚዛኑ ግን ከመብራቱ ጋር አልመጣም።

ሚዛኑ እንደ ድሮው ዓይነት አይደለም። በሆዱ የራሱን ድረ ገጽ ተሸክሞ የሚኖር ነው። መዛኙ ዘውዴ ከቢሮው ሳይነሳ ገጹን ይከፍታል፣ የይለፍ ቃል ያስገባል፣ ሚዛኑ ላይ የቆመውን መኪና ክብደት ያነባል። ገጹ ከመከፈቱ በፊት ታዲያ ኮምፒውተሩ እንደ ጥሩ ዘበኛ «ማን ነህ?» ይላል። ሚዛኑ ሰርተፊኬት የሚባለውን የማንነት ማረጋገጫውን አውጥቶ «ሚዛኑ ነኝ» ይለዋል። «ማን ፈረመልህ?» ሲባል «እኔው ለራሴ» ይላል። ያኔ ኮምፒውተሩ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ የዚህን ማንነት ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ወይ ተመለስ ወይ በራስህ ኃላፊነት ቀጥል የሚል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ደግሞ የሚዛኑ ሰዓት ዓመታት ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ አዲስ የሚጽፈው ሰርተፊኬት ገና ሲወለድ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ማስጠንቀቂያውን አይቶ ባለሙያ ይጠራል። አቶ ወንድይራድ የጠሩት ግን ማኅተማቸውን ነው። «ቀይ ነገር ሲመጣ ሠራተኛ ሳይደናገጥ ቀጥል የሚለውን ይጫን» የሚል ማስታወቂያ አስተየቡ፣ ፈረሙ፣ ክብ ማኅተም አሳረፉበትና ከኮምፒውተሩ ራስጌ አስለጠፉት። ዘውዴም ታዛዥ ሰው ነውና፣ ቀይ ባየ ቁጥር ቀጥል ይጫናል። ከብዛቱ የተነሣ ማስጠንቀቂያውን ማየት ሁሉ ትቶታል።

በዚያን ቀን ጠዋትም እንደ ልማዱ ቀጥል ብሎ ገባ። የይለፍ ቃሉን ጻፈ፤ አልተቀበለውም። ደገመ፤ አልተቀበለውም። አቶ ወንድይራድ ተጠርተው መጡና «አያያዝህ ነው» ብለው ራሳቸው በሁለት ጣት ጻፉ። ገጹ ጭራሹን ተቆለፈ።

ይሄኔ የፋብሪካው የኮምፒውተር ባለሙያ ምንተስኖት ተጠራ። ምንተስኖት የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። የደብረ ብርሃንን ብርድ እስካሁን ይቅር አላለውም፣ ከግንቦት እስከ ግንቦት ሁለት ሹራብ ደርቦ ይሄዳል። ጠዋት ሁልጊዜ ይረፍድበታል፤ አፉ ግን ረፍዶበት አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ገጹን አየና ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ ይህ ሚዛኑ አይደለም» አለ። «የጥበቃ ቤቱ ካሜራ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። መብራት ሲመለስ ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙት ዕቃዎች የኔትወርክ አድራሻ ተለዋውጠው፣ የሚዛኑን ቦታ የካሜራው መቅጃ ይዞታል። እነ ዘውዴ የሚዛኑን ምስጢር ለካሜራ ሲነግሩ አርፍደዋል። ካሜራውም ቢሆን ሚዛን ነኝ አላለም፤ ማንነቱን የጠየቀው ኮምፒውተሩ ብቻ ነበር፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ በማኅተም ዝም አሰኝተውታል።

ምንተስኖት አድራሻውን አስተካክሎ መኪኖቹን ካሳለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ያለውን ደግሞ አለ። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ለድርጅቱ መሣሪያዎች ሁሉ የሚፈርም ክፍል አለው፤ የፋብሪካው ኮምፒውተሮችም የዚያን ክፍል ፊርማ ያውቃሉ። ሚዛኑ የፈርሙልኝ ጥያቄ ያዘጋጃል፣ የምስጢር ቁልፉ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፣ ጥያቄው ብቻ ሄዶ ተፈርሞ ይመለስና ይጫናል። በዓመቱ ይታደሳል። ቀዩ ነገር ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ቀይ ከታየ ግን የእውነት የሚያስደነግጥ ነገር መጥቷል ማለት ነው። የጎደለው የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ብቻ ነው። ጥያቄው ታትሞ ከመሳቢያቸው ከገባም ሰንብቷል።

አቶ ወንድይራድ ግን አዲስ አበባ የሚባል ነገር አይወዱም። ከዚያ የሚመጣ ሁሉ ሊቆጣጠራቸው የመጣ ይመስላቸዋል።

«የእኔን ሚዛን አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያውቀው ማን ነው?» አሉ። «ሚዛኑ ለራሱ ፈርሟል፣ በቃ። ከራሱ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ዘውዴ አንገቱን ነቀነቀ። ምንተስኖትም ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አያጣም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ከእኚህ ሰውዬ ጋር መጣላት አልፈለገም። ምክንያቱ የምሥራች ነበረች።

የምሥራች የአቶ ወንድይራድ ልጅ ናት፤ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ምንተስኖት በመጀመሪያው ክረምት ጉንፋን ይዞት ሊገዛ የሄደው የጉሮሮ መድኃኒት ነበር። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ መድኃኒት ቤቱን ግን አልለቀቀም። እነሆ ሁለቱ ከተዋደዱ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው፤ አባትየው ግን የሚያውቁት ነገር የለም። አሁን ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ባለንብረት ለወንድ ልጁ እርሷን ሊያጭ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ተሰምቷል፣ ያውም ከፊታችን እሑድ ቀጥሎ ባለው እሑድ። የምሥራች ይህን ስትነግረው አለቀሰች። ምንተስኖት ሹራቡን አውልቆ ደረበላት፤ እንዲያ ያለ ነገር ለማንም አድርጎ አያውቅም።

ሽማግሌ ይላክ እንዳይባል፣ በደብረ ብርሃን ማን ያውቀዋል? አባቱ አርፈዋል። አጎቶቹን ከአርባ ምንጭ ቢያመጣ፣ አቶ ወንድይራድ «የማላውቀው ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም» ማለት የሚወዱ ሰው ናቸው። እርሳቸው ራሳቸው ደግሞ የከተማው ቁጥር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጁን የሚድር፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ፣ የእድር ጠብ የሚያበርድ ሁሉ መጀመሪያ የሚለምነው እርሳቸውን ነው። እኔ የሄድኩበት ሽምግልና ባዶውን ተመልሶ አያውቅም እያሉ በየድግሱ ያወራሉ፤ እውነታቸውንም ነው።

ምንተስኖት ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ዓርብ ዕለት ቢሯቸው ገባ። ቆሞ እጅ ነሣና፣ የአገሬ ሰው የለኝም፣ ትዳር መያዝ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ ሽማግሌ ይሁኑኝ ብሎ ለመነ።

አቶ ወንድይራድ ፊታቸው በራ። ሽማግሌ ሁኑኝ ሲባሉ ደስ የሚላቸውን ያህል ደመወዝ ሲጨመርላቸውም ደስ አይላቸውም። ሰብሰብ ብለው ተቀመጡና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁት።

«እሱን ለመናገር እፈራለሁ» አለ ምንተስኖት። «አባትየው ኃይለኛ ናቸው። የማያውቁትን ሰው ደጃቸውን አያስረግጡም ይባላል። እርስዎም ስማቸውን ሰምተው ወደ ኋላ እንዳይሉብኝ መጀመሪያ እሺ ይበሉኝ።»

ይህን የሰማ ወንድይራድ እንዴት ወደ ኋላ ይላል! ደብረ ብርሃን ውስጥ እርሳቸውን ከደጅ የሚመልስ ኃይለኛ ገና አልተወለደም። እስኪ ማን ነው እሱ፣ ያለ እኔ ልጁን የሚድር፣ ያለ እኔ ከጎረቤቱ የሚታረቅ እያሉ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የአቶ ወንድይራድ ራስ ቀድሞ ተመልጦ ነበር፣ አፋቸው ያመለጣቸው ግን በዚያች ደቂቃ ነው።

«እሺ ብዬሃለሁ» አሉ። «እሑድ እሄዳለሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! አሁን ተናገር፤ የማን ቤት ነው?»

«የእርስዎ ቤት ነው፣ ጋሼ» አለ ምንተስኖት። «የምሥራችን ነው።»

አቶ ወንድይራድ መጀመሪያ የቀለደባቸው መሰላቸው። ቀጥሎ የልጁን ዓይን አዩና ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው፤ ፊታቸውም ማስጠንቀቂያውን መሰለ። ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ቃላቸውን እንዳያጥፉ ሽማግሌ ናቸው፤ እንዳይሄዱ ደጁ የራሳቸው ነው። በመጨረሻ የሚይዙት ነገር አገኙ።

«አንተ ሰው፣ ጤና አለህ?» አሉ። «በራሴ ደጅ እኔው ለማኝ፣ እኔው ተለማኝ፣ ስላንተም መስካሪው እኔው ልሁን? ይህን ነገር ማን ያምንልሃል?»

«እንደ ሚዛኑ ነዋ፣ ጋሼ» አለ ምንተስኖት። «ማኅተም ያድርጉበትና በርዎ ላይ ይለጥፉት፤ ያየ ሁሉ ቀጥል ብሎ ያልፋል።»

አቶ ወንድይራድ መጀመሪያ ያዩት ምንተስኖትን ነበር፣ ቀጥሎ በመስኮቱ ሚዛኑን። ሚዛኑ ላይ አንድ የስንዴ መኪና ቆሟል፤ ዘውዴ ቀጥል እየተጫነ ነው። ሰውየው ብዙ ነገር ይሆናሉ፤ ነገር የማይገባቸው ግን አይደሉም። ለራሱ የፈረመ ሁሉ የሚታመን ከሆነ፣ ይህ ልጅ ነገ ራሱን ችሎ መጥቶ ስለ ራሱ መስክሮ ልጃቸውን ሊጠይቅ ነው፤ ደግሞም አፉን ያውቁታል፣ አሳምሮ ይመሰክራል። መሳቢያቸውን ከፈቱና ከስንት ወረቀት ሥር ያቺን የሚዛኑን ጥያቄ አውጥተው ፈረሙባት።

«አዲስ አበባ ላካት» አሉ። «ተፈርማ ስትመጣልህ ማስታወቂያውንም ገንጥለው።»

ምንተስኖት ወረቀቱን ተቀበለ፤ ከቦታው ግን አልተንቀሳቀሰም። የመጣው ለወረቀት አልነበረም። አቶ ወንድይራድም ይህን አይተው ቃሌ ቃል ነው፣ እሑድ እሄዳለሁ አሉ። የንስሐ አባታቸውንና የእድሩን ዳኛ ይዘው ይሄዳሉ። ሽማግሌ ሆነው በሄዱበት ቀን ግን አባት ሆነው መልስ አይሰጡም፤ መልሱን የሚሰጡት የልጅቷ እናት ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። ይህን ሲሉ ፈገግ አሉ። ምንተስኖት ፈገግታውን አልወደደውም። ወይዘሮ አሰገደች ሰው ሲያመሰግኑ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በከተማው የለም፤ ባልየውም መውጫ ቀዳዳ ያገኙት በእርሳቸው በኩል እንደሆነ አልጠፋውም። ሌሊቱን አልተኛም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። ምንተስኖት ከመንገዱ ማዶ ካለች ሱቅ ጥግ ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። የምሥራች ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስልኳን ከፍታለታለች፤ የሚባለው ሁሉ ይሰማዋል።

አቶ ወንድይራድ የገዛ በራቸውን አንኳኩ። ወይዘሮ አሰገደች ከፈቱ፤ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ የመጣንበት ጉዳይ ካልተሳካ አንቀመጥም ብለው ደጅ ቆሙ፣ አቶ ወንድይራድም አብረው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የራሱን ወንበር እያየ በደብረ ብርሃን ብርድ ደጅ ሲቆም ማየት የሚያሳዝንም ነው።

የንስሐ አባትየው ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጉዳዩን ተናገሩ። ወይዘሮ አሰገደች ፊታቸው ላይ ምንም ሳያሳዩ፣ ባለቤቴ ቤት የሉም፣ በማለዳ ለሽምግልና ወጥተዋል፣ እርሳቸው እስኪመለሱ ብትጠብቁ ይሻል ነበር አሉ። የእድሩ ዳኛ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ኋላ ግን መልሱ ከእርስዎ ይሁን ተብለው ሲለመኑ፣ ወይዘሮዋ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ይህን ልጅ ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ማን ነው አሉ።

አቶ ወንድይራድ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። አውቀዋለሁ አሉ፣ ከእኔ ጋር ነው የሚሠራው። ጥቂት ቆዩና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንግዲህ የሩቅ አገር ሰው ነው፣ ዘር ማንዘሩን የሚያውቅ የለም፣ ጠዋትም ይረፍድበታል ብለው ጨመሩ። የንስሐ አባትየው ዞር ብለው አዩአቸው፤ የላከውን ልጅ ደጅ ላይ የሚያማ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ከመንገዱ ማዶ ምንተስኖት ስልኩን ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። አለቀልኝ ብሎ አሰበ።

ወይዘሮ አሰገደች በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ልጄ ከነገረችኝ ቆይቷል አሉ፤ አርባ ምንጭ ድረስ ሰው ልኬ፣ የእናቱን ጎረቤት፣ ያስተማረውን መምህር፣ ያጠመቁትን ቄስ ሳይቀር አስጠይቄ፣ ሰባት ቤቱን አስቆጥሬ ጨርሻለሁ። ማርፈዱንም ነግረውኛል። እኔ እሺ ብያለሁ፤ በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ።

የንስሐ አባትየው መርቀው ገቡ። የእድሩ ዳኛ ተከተሉ። አቶ ወንድይራድም እንደ ባለቤት ጋቢያቸውን እያወለቁ ወደ ወንበራቸው ሊያልፉ ሲሉ፣ ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን በሩ ላይ ዘረጉና አገዷቸው።

«አንተ ቆይ» አሉ። «ለልጁ ዋስ የሚሆን በየደጁ ሞልቷል። ላንተ ግን ይኸው ስንት ዘመን ጠይቄ፣ ያገኘሁት ዋስ ራስህን ብቻ ነው።»